ካርቱን የሚመስል የተኩስ ጌም ለልጅዎ ይሆናል? ወላጅ ራሱ የሚመረምርበት መንገድ

ባለፈው ክረምት የ11 ዓመት ልጄ ስልኬን ይዞ ጥግ ላይ ከተቀመጠበት የተኩስ ድምፅ ሰማሁና ምን እንደሚጫወት ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ይኸ እኮ ካርቱን ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነትም ካርቱን ነው፤ ሮዝ ፀጉር ያላት ልጅ ከቁመቷ የሚበልጥ መሣሪያ ተሸክማ ትዘላለች፣ የተመታው ተጫዋችም ደም ሳያፈስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚህ ደብረ ብርሃን የኮምፒዩተር ትምህርት የማስተምር ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ከዚያ በላይ ሳልጠይቅ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ልጄ የመለሰልኝ ስለ ሥዕሉ እንጂ ስለ ጨዋታው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሥዕሉ የሚነግረን ደም መታየት አለመታየቱን ብቻ ነው፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ምን እንዲገዛ እንደሚጎተጎት፣ መቼ ማቆም እንደሚችልና የተኩሱ ድምፅ ውስጡን ምን እንደሚያደርገው ግን ከሥዕሉ አይነበብም።

ይህን መመሪያ መጀመሪያ ለራሴ ጻፍኩት፣ ቀጥሎም ለተማሪዎቼ ወላጆች አካፈልኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጌም ተጫውተው የማያውቁ ቢሆኑም ችግር የለም፤ እንዲያውም የማያውቅ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

ደረጃ 1፦ የዕድሜ ምልክቱን ያንብቡ፣ ግን እዚያ አያቁሙ

ጌሙን በፕሌይ ስቶር ላይ ሲከፍቱት ከስሙ ሥር ከሚታዩት ምልክቶች መካከል የዕድሜ ቁጥር ያገኛሉ፤ ቁጥሩን ሲነኩት ለምን እንደተሰጠ በአጭሩ ይዘረዝራል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት የጌም ዕድሜ መዳቢዎች አንዱ የአውሮፓው ፔጊ ሲሆን፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጌሞችን በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ16 እና በ18 ዓመት ይከፍላል፤ ሌላው በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካው ኢ.ኤስ.አር.ቢ. ነው።

ካርቱንነት ብቻውን ምንም እንደማይወስን ለማየት ሦስት የታወቁ ጌሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። ኒንቴንዶ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስፕላቱን ተጫዋቾቹ አራት ለአራት ሆነው ቀለም የሚረጩበት ጨዋታ ነው፤ በዋናው ውድድር የሚያሸንፈው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰፊ መሬት በራሱ ቀለም የሸፈነ ቡድን እንጂ ብዙ ሰው የመታ አይደለም፤ ፔጊም 7 ሰጥቶታል። ኤፒክ ጌምስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፎርትናይት ደግሞ እስከ 100 ተጫዋች አንድ ደሴት ላይ ወርዶ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን እስኪቀር የሚተኳኮስበት ሲሆን፣ ደም ባይታይበትም ፔጊ 12፣ ኢ.ኤስ.አር.ቢ. 13 ብለውታል። ቫልቭ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲም ፎርትረስ 2 ሥዕሉ እንደ ድሮ የካርቱን ፊልም ነው፤ ሆኖም ደሙና የተበጣጠሰው አካል ስለሚታይ ኢ.ኤስ.አር.ቢ. 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው ያለው። ሦስቱም ካርቱን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን ከሁለተኛ ክፍል ተማሪ እስከ መሰናዶ ተማሪ ይደርሳል።

ምልክቱ ሁለት ነገሮችን አይመዝንም። አንደኛው ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ነው፤ ኢ.ኤስ.አር.ቢ. ራሱ በኢንተርኔት የሚደረግ የተጫዋቾች ግንኙነት በምደባው እንደማይካተት ያሳውቃል። ሁለተኛው በአንድ ጌም ስም ሥር የሚገኙት ሌሎች ጨዋታዎች ናቸው፤ ሮብሎክስና ፎርትናይት ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሯቸውን እጅግ ብዙ ጨዋታዎች ስለያዙ፣ ልጅዎ «ሮብሎክስ እየተጫወትኩ ነው» ቢልዎ ገበያ ገባሁ እንደማለት ነው፤ የትኛው ሱቅ እንደገባ መጠየቅ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ አካውንቱ ላይ የተሞላውን የልደት ዓመት ይፈትሹ

ይህ ደረጃ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ነገር ግን በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ፣ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ልጅ ስለሚስትበት፣ አደራ አይዝለሉት።

ጌሙ አካውንት ሲያስከፍት የልደት ቀን ይጠይቃል፤ የሚጠብቀውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጆቻችን የሚያውቁት ግን በእኛ አቆጣጠር የተወለዱበትን ዓመት ነው። የኔው ልጅ የተወለደው በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 መሆኑ ነው። እሱ ግን ሳያታልል፣ ሳይዋሽ፣ የሚያውቀውን 2006 ሞላ። በዚያች ቅጽበት የ11 ዓመቱ ልጄ ለጌሙ ኩባንያ የ19 ዓመት ጎረምሳ ሆነ፤ ለሕፃናት ተብለው የተዘጋጁት መከላከያዎች በሙሉ ሳይነኩት አለፉ። ለምሳሌ ፎርትናይት ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ነኝ ያለ ተጫዋች ወላጁ እስኪፈቅድለት ድረስ በድምፅም ሆነ በጽሑፍ እንዳያወራና በገንዘብ እንዳይገዛ የሚያደርግ የተገደበ አካውንት አለው፤ ዕድሜው በስምንት ዓመት ያደገ ልጅ ግን ይህን በር አያየውም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ልጁ የተወለደው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ከሆነ በዓመቱ ላይ 7 ይደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ይደምሩ። የተሞላው ተሳስቶ ካገኙት በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ያስተካክሉ፤ ማስተካከል የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ አካውንት በትክክለኛው ዓመት መክፈት ይሻላል፤ ልጁ «የደረስኩበት ሌቭል ይጠፋብኛል» ብሎ ማልቀሱ አይቀርም፣ ይታገሱት። በእርስዎ ስልክ የሚጫወት ከሆነ ፕሌይ ስቶርም የሚያውቀው የእርስዎን ዕድሜ ነውና፣ ከፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ የቤተሰብ ቁጥጥር የሚለውን ከፍተው በሚስጥር ቁጥር ይዝጉት።

ደረጃ 3፦ ሦስት ዙር አብረው ተቀምጠው ይመልከቱ

ዩቲዩብ ላይ የሌላ ሰው ጨዋታ ማየት አይተካውም፤ የሚያዩት ጌሙን ብቻ ሳይሆን ልጅዎን ነው። በመጀመሪያው ዙር ምንም አይናገሩ። ኢርፎኑን አስወልቀው ድምፁ እንዲሰማ ያድርጉ፣ ከጎኑም ይቀመጡ። በሁለተኛው ዙር ልጁ እያንዳንዱን ነገር እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። በሦስተኛው እርስዎ ይጫወቱ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሞታሉ፣ ልጁም ይስቅብዎታል፤ ያኔ ከወላጅና ከተቆጣጣሪ ወደ ተማሪ ስለሚወርዱ ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ይነግርዎታል።

እኛ ቤት ይህን ባደረግንበት ቀን እናቴ ከመንዝ መጥታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ልጁ አንዱን ሲመታ ተጫዋቹ በሰማያዊ ብርሃን ተውጦ ጠፋ። እናቴ ዐይኗን ጨበጥ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ ያ የመታኸው የት ሄደ?» አለችው።

«ይመለሳል እማማ፣ ሌላ ዙር ይጀምራል።»

«እናቱስ?»

ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «እናት የለውም፣ ጌም ነው» አለ። የእናቴ ጥያቄ ከማንኛውም የባለሙያ መጠይቅ ይልቅ ጠቀመኝ፤ ልጁ እውነተኛውን ሞትና የጨዋታውን ሞት ለይቶ ማስረዳት መቻሉን በሁለት ዐረፍተ ነገር አሳየኝና። የሰባት ዓመቷ ታናሽ እህቱ ግን በማግስቱ «ታዲያ አያባባም ይመለሳል ማለት ነው?» ብላ ስለሞተው አባቴ ጠየቀችኝ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ጌም፣ ሁለት ልጆች፤ መልሱ ለየቅል ነበር። ለእሷ ጊዜው እንዳልደረሰ የወሰንኩት በዚያች ጥያቄ ነው።

ሲመለከቱ በተለይ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ። ጌሙ የሚሸልመው ምንን ነው፤ ጓደኛን ማዳንን፣ ቦታ መያዝን፣ ወይስ ጭንቅላትን ነጥሎ መምታትን? የተመታው ሰው ላይ ቆሞ መጨፈር ወይም መሳለቅ ይቻላል? ልጁ ሲሸነፍ ፊቱ ምን ይሆናል፤ ይስቃል፣ ይቆጫል፣ ወይስ ስልኩን ይወረውራል? የመጨረሻውን በወረቀት ላይ ይጻፉት፣ በኋላ ይፈልጉታል።

ደረጃ 4፦ ከልጁ ጋር የሚያወራው ማን እንደሆነ ይወቁ

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አንድ ጌም ሥዕሉ የዋህ፣ ተኩሱ ቀለም ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የማይታወቅ ጎልማሳ ለልጅዎ ጆሮ የሚናገርበት ከሆነ ለሕፃን አይሆንም።

በአገራችን የገና ጨዋታ ሻካራ ነው፤ የተቆለመመው ዱላ ቅልጥም ያገኛል፣ ጌታና ሎሌ ተቀላቅሎ ይሳደባል፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ዳር የቆመ ሽማግሌም አይጠፋም፣ ከልክ ያለፈውን በስሙ ጠርቶ «አንተ የእገሌ ልጅ!» ይለዋል። በኢንተርኔት ጌም ውስጥ ልጅዎን «ወንድሜ» የሚለው ሰው የእገሌ ልጅ አይደለም። ዕድሜው አይታወቅም፣ አገሩ አይታወቅም፣ ዳር የቆመም የለም።

በልጄ ጌም የጽሑፍ መልእክት ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ውይይት አጭር ነበር። አንድ ተጫዋች በእንግሊዝኛ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቆታል፤ ልጄም አካውንቱ ላይ 19 የተባለውን ረስቶ እውነተኛ ዕድሜውን፣ ከዚያም አክሎ «ደብረ ብርሃን» ብሎ ጽፏል። ሰውዬው ቀጥሎ የቴሌግራም ስሙን ጠይቋል። ልጄ ቴሌግራም ስለሌለው ብቻ ነገሩ እዚያ ቆሟል። የተጫዋች ስሙ ራሱ የእሱ ስምና የተወለደበት ዓመት ነበር፤ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሲያዩት አንድ የማያውቀው ሰው ስሙን፣ ዕድሜውንና ከተማውን በአንድ ደቂቃ አውቋል ማለት ነው።

ችግሩ የአንድ ልጅ ጥንቃቄ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የጌሙ አሠራርም ድርሻ አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን ኤፒክ ጌምስን ከከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ፣ በፎርትናይት የድምፅና የጽሑፍ ንግግር ለሕፃናትም ሳይቀር ከመጀመሪያው ተከፍቶ መገኘቱ ነበር፤ ኩባንያው ያለወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስበሃል በሚለው ክስ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ «ልጄ ማይክ አልከፈተም» ብሎ መረጋጋት አይበቃም፤ አንዳንዱ ጌም ሲከፈት ማይኩም አብሮ ይከፈታል።

የሚያደርጉት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የጌሙን ሴቲንግ ከፍተው ድምፅን የሚመለከተውን ክፍል ይፈልጉ፤ የድምፅ ንግግርን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። በስልኩ ሴቲንግም ጌሙ ማይክ የመጠቀም ፈቃዱን ይንሡት፤ ይህ ጌሙ ሲታደስ ራሱን በራሱ እንዳይመልስ ይረዳል። ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ንግግርን ይዝጉ፤ መዝጋት ካልተቻለ ለተመዘገቡ ጓደኞች ብቻ ያድርጉት። ሦስተኛ፣ የጓደኞቹን ዝርዝር ከልጁ ጋር አንድ በአንድ ይሂዱበት፤ «ይኸ ማን ነው? ፊቱን አይተኸዋል?» ይበሉት። የክፍል ጓደኛው፣ የጎረቤት ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቱ ልጅ ይቆይ፤ ሌላው ይሰረዝ። በመጨረሻም የተጫዋች ስሙን ስም፣ ዓመትና ከተማ በሌለበት ይቀይሩት። ጌሙ ከእነዚህ አንዱንም መዝጋት የማያስችል ከሆነ ምርመራው እዚህ አብቅቷል፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

ልጅዎ ጌም ቤት የሚጫወት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ሴቲንግ አይጠቅምዎትም፤ እዚያ አካውንቱ የጋራ ነው፣ ጎኑ ያለው ወንበር ላይም የ20 ዓመት ወጣት ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ቀን ድንገት ይሂዱና ባለቤቱን ሰላም ብለው ይቀመጡ፤ ግማሽ ሰዓት የሚሰማው ንግግር ይበቃዎታል።

ደረጃ 5፦ ነፃ የተባለው ጌም ከየት እንደሚበላ ይከተሉ

አብዛኞቹ እነዚህ ጌሞች ሲወርዱ በነፃ ነው፤ የሚኖሩት ግን በውስጣቸው ከሚሸጥ ልብስ፣ ጭፈራና መሣሪያ ነው፤ ልጆቹ ስኪን የሚሉት። የመሸጫውን ገጽ ከፍተው ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው ዋጋው በብር ወይም በዶላር ሳይሆን በጌሙ በራሱ ገንዘብ፣ በአልማዝ ወይም በሳንቲም፣ መጻፉ ነው፤ ዕቃው 800 አልማዝ ሆኖ አልማዙ የሚሸጠው በ1,000 ጥቅል ቢሆን 200 ይተርፋል፣ ያ ትርፍ ደግሞ ለሚቀጥለው ግዢ ማባበያ ነው። ልጁን አስቀምጠው ዋጋውን ወደ ብር አብረው ይመልሱት፤ አንድ ኮፍያ ስንት ኪሎ ሽሮ እንደሚሆን ሲሰማ የኔው ልጅ ራሱ ደነገጠ። ሁለተኛው «ሊያልቅ 3 ሰዓት ቀረው» የሚል የሚቆጥር ሰዓት ነው። ሦስተኛው ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈት ሣጥን ነው፤ ይህኛውን ቤልጅየም በ2018 እ.ኤ.አ. ከቁማር ቆጥራዋለች፣ ፔጊም በዚያው ዓመት በጌም ውስጥ ግዢ መኖሩን የሚያመለክት ምልክት ጨምሯል። ሦስቱም ያሉበት ጌም፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለ10 ዓመት ልጅ አሠራሩ ተንኮለኛ ነው።

«ስልኬ ላይ የባንክ ካርድ የለም፣ ምን ሊገዛ?» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። በተማሪዎቼ መካከል ያየሁት ግን በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ከቤት የተሰጠውን የደብተር ብር በሰው ቴሌብር አስልኮ፣ «አልማዝ እሞላልሃለሁ» ለሚል በቴሌግራም ለሚያገኘው ሰው ይከፍላል፤ ሰውዬውም ለመሙላት ብሎ የአካውንቱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ከተማሪዎቼ አንዱ ብሩንም አካውንቱንም አጥቶ ለወላጆቹ መናገር ፈርቶ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ስለዚህ ልጅዎን ፓስወርዱን ለማንም ሰጥቶ እንደሆነ ሳይቆጡ ይጠይቁት፤ ቁጣ ካሸተተ አይነግርዎትም።

የኢንተርኔት ወጪውን እግረ መንገድዎን ይመልከቱ። ከስልኩ ሴቲንግ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ገብተው ጌሙ በወር ስንት እንደበላ ማየት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ፓኬጅ የሚጨርሰው ጨዋታው ሳይሆን አፕዴቱ ነው፤ አፕዴት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያዙት።

ደረጃ 6፦ በሰዓት ሳይሆን በዙር ይገድቡ

እነዚህ ጌሞች መሐል ላይ አይቆሙም፤ ዙሩ ተጀምሮ ልጁ ቢወጣ ቡድኑ ይጎድላል፣ አንዳንዱ ጌም ደግሞ ጥሎ የወጣን ይቀጣል። «አሁኑኑ ዝጋ!» ሲሉት የሚያኮርፈው ሁልጊዜ ከልማድ ተጠምዶ አይደለም፤ ኳስ ሜዳ ላይ ጨዋታው ሳያልቅ እጁን ይዘው እንዳወጡት ነው የሚሰማው። ስለዚህ የአንድ ዙር ርዝመት ይለኩ፤ ስፕላቱን 3 ደቂቃ፣ ፍሪ ፋየር 10 ደቂቃ ያህል፣ ፎርትናይት እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ «ዛሬ ሁለት ዙር» ብለው ይስማሙ። ዙሩ ሲያልቅ ልጁ ራሱ መዝጋት ከቻለ ጌሙ በልኩ ነው፤ በተከታታይ ሳምንታት ካልቻለ ግን፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል የሕፃን ቢመስል፣ ለእርሱ ገና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና መታወክን አካትቷል፤ መለያዎቹም ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሁሉ ማስቀደምና ጉዳት እያስከተለም መቀጠል ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት መታየት አለባቸው። ይህን የምጠቅሰው ልጁ አንድ ምሽት ስላኮረፈ «ሱሰኛ ሆነ» ብለው እንዳይደመድሙ ነው። ስልኩ ሌሊት የት እንደሚያድር ግን ይወቁ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በታወቀች ከተማ የሚኖር ልጅ ስልክ የሚደብቅበት ቦታ አያጣም፤ የኛ ቤት ስልኮች በሙሉ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ይሰካሉ፣ የኔንም ጨምሮ።

ደረጃ 7፦ የተኩሱን ድምፅ በእኛ አካባቢ ጆሮ ይስሙት

ሌላ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ የተኩስ ድምፅ ለልጁ ከፊልም ውጪ የማይታወቅ እንደሆነ አድርጎ ይነሣል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ማለት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ ባለው ግጭት፣ እውነተኛውን ጥይት የሰሙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡ ቤተሰቦች ልጆችም ከእኛ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሮዝ ፀጉሯ ካርቱን ምንም አታቃልልለትም፤ ዐይኑ ካርቱን ቢያይም ጆሮው የሚሰማው ሌላ ነው።

ምርመራው ይህ ነው፦ የጌሙን ድምፅ ከፍ አድርገው ልጁ ሳያይ ሳይሆን እያየ ያስሰሙት፣ ትከሻውንና እጁን ይመልከቱ። ቢደነግጥ፣ ዐይኑ ወደ በር ቢሄድ፣ ወይም በተቃራኒው ፊቱ ድንጋይ ሆኖ ምንም ባይሰማው፣ ጌሙን ያቆዩለት። በተጫወተ ማግስት ቅዠት፣ አልጋ ማርጠብ፣ ብቻውን ለመተኛት መፍራት ከመጣ ጌሙን ማቋረጥ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ ጌሙ የቀሰቀሰው እንጂ ያመጣው ላይሆን ይችላልና። መጠነኛ ስጋት ብቻ ካለ ብዙ ጌሞች የተኩስ ድምፁን ከሙዚቃው ለይቶ መቀነስ ያስችላሉ፤ እኛ ዜሮ አድርገነዋል፣ ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም። ኢርፎኑ ቢቀር ደግሞ ለሌሎቹም የቤቱ ልጆች ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከጎረቤታችን ከአጣዬ የመጣች ልጅ አለች፣ እሷ ስትመጣ ጌም አይከፈትም።

ሌላም አለ። በገጠሩ፣ በተለይ በመንዝና በአካባቢው፣ አባት መሣሪያ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋሙ እንዲህ ያሉ ጌሞችን ከመጮህና ከመገፋፋት ዓይነት ጠብ ጋር የሚያያይዝ አነስተኛ ግንኙነት መኖሩን አምኖ፣ ሰው የሚጎዳ ከባድ ጥቃትን ግን በጌም ማሳበብ በሳይንስ እንደማይደገፍ ገልጿል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚለው ሳይሆን፣ ጣቱ ቃታ መሳብን ለምዶ የቤቱን መሣሪያ እንደ መጫወቻ እንዳያነሣው ነው። «ቤት ውስጥ መሣሪያ ተቀምጦ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ሳልነካ ትልቅ ሰው እጠራለሁ» የማይል ልጅ ባለበት ቤት፣ መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ እስኪቆለፍበት ድረስ የተኩስ ጌም አይገባም።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ፣ ቀኑንም ይጻፉ

በመጨረሻ ወረቀትዎ ላይ ያለውን ያንብቡት። ንግግሩ ከተዘጋ፣ የልደት ዓመቱ ከተስተካከለ፣ ልጁ ዙር ሲያልቅ መዝጋት ከቻለና ድምፁ ካላስደነገጠው፣ ዕድሜውም ከምልክቱ በእጅጉ ካልራቀ፣ መፍቀድ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ንግግሩ ብቻ ክፍት ሆኖ ቢቀር እንኳ እኔ አልፈቅድም፤ በተቃራኒው ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ልጁ ዕድሜው ከምልክቱ አንድ ዓመት ቢያንስ ግን አልጨነቅም። ለልጄ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ዙር ፈቅጃለሁ፤ ለእህቱ ከጌሙ ይልቅ ገበጣ አስተምሬያታለሁ፣ እኔንም ማሸነፍ ጀምራለች።

ጌሞች በየጥቂት ወሩ ስለሚታደሱ የዘጉት ነገር ተከፍቶ፣ የሌለ ሣጥን ገብቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ደረጃ 4ን እና ደረጃ 5ን ብቻ ይድገሙ። መልስዎ «አይሆንም» ከሆነ ደግሞ ጌሙን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ አካውንቱ፣ የጓደኞቹ ዝርዝርና የጻፈው ሁሉ ኩባንያው ጋ ይቀራል። ከማጥፋትዎ በፊት በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት መሰረዝ የሚለውን ፈልገው ጥያቄውን ያቅርቡ፣ ማረጋገጫው በኢሜይል እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ጌሙን ከስልኩ የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።